«ሐኪሜ እያለ ዕጣ ምን ያደርጋል?»

ባለፈው ዕትም መድኃኒት በሰው ላይ እንዴት እንደሚሞከር ትንሽ ብንጽፍ የጥያቄ ዶፍ ወረደብን። ሁሉንም መመለስ አይቻልም። ስድስቱን መርጫለሁ። የመረጥኩት በዕጣ አይደለም፣ ደስ ያሉኝን ነው ያነሳሁት፣ ስለዚህ ይህ አምድ ራሱ አድልዎ አለበት ማለት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 67 ዓመቴ ነው፣ ልቤን ያመኛል። የሚከታተለኝ ሐኪም ስምንት ዓመት ያውቀኛል። በቅርቡ «አዲስ መድኃኒት እየተሞከረ ነው፣ ቢገቡበት ጥሩ ነው» አለኝና እሺ አልኩ። ወረቀቱን ሳነብ ግን አዲሱን ልውሰድ ወይስ የተለመደውን የሚለው በዕጣ ነው የሚወሰነው። ዕጣውን የሚያወጣው ደግሞ ኮምፒውተር ነው። ሐኪሜ እያለ ዕጣ ምን ያደርጋል? እኔ ሎተሪ ልቆርጥ አልሄድኩም! (አቶ ተ.)

መልስ፦ አቶ ተ.፣ ሎተሪ ያሏት ነገር አሳቀችኝ። ጥያቄዎ ግን የዋዛ አይደለም።

እስቲ ዕጣው ይቅርና ሐኪምዎ ይምረጥ እንበል። ደግ ሰው ነው። አዲሱ መድኃኒት ይከብዳቸዋል ብሎ አቅም ያነሳቸውን ታማሚዎች በተለመደው ላይ ይተዋቸዋል፣ ጠንከር ያሉትን ወደ አዲሱ ይልካል። ከዓመት በኋላ አዲሱን ከወሰዱት ብዙዎቹ በሕይወት ቢገኙ ምን እንላለን? መድኃኒቱ ሠራ? ወይስ ድሮም ጠንካሮቹ እነሱ ነበሩ? መለየት አይቻልም። ሌላው ሐኪም ደግሞ የባሰባቸውን «ምናልባት ቢያድናቸው» ብሎ ወደ አዲሱ ይልካል፣ ያኔ ጥሩ መድኃኒት ገዳይ መስሎ ይወጣል። ሁለቱም ለታማሚያቸው አስበው ነው።

አድልዎ ሲባል ብዙ ሰው ጉቦና የተደለዘ ቁጥር ነው የሚታየው። እሱም አይጠፋም። እኔ ግን በሥራዬ ያየሁት አድልዎ አብዛኛው ከክፋት የመጣ አይደለም፣ ከደግነት የመጣ ነው። ለዚህ ደግሞ ከወተቱ ታሪክ የሚበልጥ ምሳሌ የለኝም።

በ1930 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ላናርክሺር በሚባል አካባቢ፣ 20,000 ያህል ተማሪዎች የገቡበት ጥናት ተካሄደ። ግማሾቹ ለአራት ወር ትምህርት ቤት ውስጥ ወተት ጠጡ፣ ግማሾቹ አልጠጡም። ጥያቄው ወተት ልጅ ያሳድጋል ወይ ነው። ልጆቹ በዕጣ ወይም በስማቸው ፊደል ተራ ተከፈሉ። እስከዚህ ደህና። ከዚያ ግን አንዲት ቀዳዳ ተተወች፦ በአንዱ ወገን ከሲታ ልጅ ወይም ደህና የበላ ልጅ ከበዛ አቀያይሩ ተባለ። እንግዲህ አስተማሪው እርስዎ ነዎት እንበል። ወተቱ ፊትዎ አለ። አጥንቱ የገጠጠ ልጅም ፊትዎ አለ። ምን ያደርጋሉ? ጥናቱ ሲጀመር ወተት የማያገኙት ልጆች በክብደትም በቁመትም ከሚያገኙት በልጠው ተገኙ።

ሌላም አለ። ልጆቹ ጫማ አውልቀው፣ ግን ከነልብሳቸው ነበር የተመዘኑት፣ መጀመሪያ በብርዱ ወር፣ በኋላ ሙቀት ሲገባ። የደህና ቤተሰብ ልጅ በብርዱ ወፍራም ልብስ ደራርቦ ተመዝኖ በሙቀቱ ቀለል ያለ ለብሶ ይመጣል፣ ስለዚህ የጨመረው ክብደት በከፊል ይሰወራል። የድሃው ልጅ ግን የሚቀንሰው ልብስ የለውም። ወተቱ ያደላው ወደ ማን ነበር? ወደ ድሃው። እና ሚዛኑ የመዘነው ወተቱን ነው ወይስ ሹራቡን?

ይህን ሁሉ በዓመቱ ነቅሶ ያወጣው ዊልያም ጎሴት ነበር። «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ፣ ቢራ ፋብሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ የስታቲስቲክስ ሰው። 20,000 ልጅ ከማስቸገር 50 ጥንድ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ተገኝተው የትኛው ይጠጣ የሚለው በሳንቲም ቢወሰን ኖሮ በትንሽ ወጪ የበለጠ የሚታመን ውጤት ይገኝ ነበር ብሎ ጻፈ። አስተማሪዎቹ አልዋሹም፣ ገንዘብም አልበሉም። አንጀታቸው ነው ያልቻለው።

«ሐኪሜ ያውቀኛል» ላሉትም አንድ ነገር ልጨምር፣ የእርስዎም ጉዳይ ልብ ስለሆነ። ሃርት አታክ ካገኛቸው በኋላ የልብ ምታቸው ለሚዛባ ሰዎች ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ይታዘዙ ነበር። ምቱ ሲስተካከል በማሽን ይታያል። ሐኪሙም ታማሚውም ደስ ይላቸዋል። በኋላ በዕጣ ተፈተኑ፣ ውጤቱም በ1991 ታተመ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞቱ። ፕላሴቦ፣ ማለትም መልኩ መድኃኒት ውስጡ ባዶ የሆነውን፣ ከወሰዱት 743 ሰዎች ደግሞ 26። ምቱ ተስተካክሎ ሰዉ ሞተ። ይህን ከአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ታማሚ በታማሚ እያየ፣ የትኛውም ጎበዝ ሐኪም ሊደርስበት አይችልም ነበር።

ደግሞም በዕጣ መመደብ የሚፈቀደው የትኛው እንደሚሻል በእውነት ሳይታወቅ ሲቀር ብቻ ነው። ሐኪምዎ አዲሱ ለእርስዎ እንደማይሆን ካመነ መጀመሪያውኑ «ይግቡ» ማለት አልነበረበትም። ይህንኑ ፊት ለፊት ይጠይቁት። ገብተው ካልተመችዎት መውጣት መብትዎ ነው፣ ከዚያ በኋላም የተለመደው ሕክምናዎ አይቀርብዎትም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ በአንድ ሙከራ ላይ ታማሚ የምመዘግበው እኔ ነኝ። ማን የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ ቁጥር ባላቸው ፖስታዎች ውስጥ ነው ያለው፣ በተራ እንከፍታቸዋለን። አንድ ቀን ፖስታውን ወደ መብራት ከፍ ሳደርገው የውስጡ ፊደል ታየኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። በአንዱ ቀን የመጣችው የሦስት ልጆች እናት ነበረች፣ ተረኛው ፖስታ የድሮው ሕክምና ነው። «ትንሽ ቆይተሽ ነይ» ብዬ ሌላ ሰው አስቀደምኩ። እንቅልፍ ነሳኝ። ጥፋት ነው? (ሰ.)

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ ጥፋት ነው። ግን አንቺ ሁለተኛዋ ጥፋተኛ ነሽ። የመጀመሪያው ብርሃን የሚያሳልፍ ፖስታ የገዛው ሰው ነው።

ዕጣ ማውጣት ለብቻው አይበቃም፣ ዕጣው መሸሸግም አለበት። ብዙዎች ይህን ማን ምን እንደወሰደ ከመደበቅ ጋር ያምታቱታል። ያ ሰዉ ከተመደበ በኋላ ያለው ነው። ይኼኛው ከመመደቡ በፊት ነው፦ የሚመዘግበው ሰው ቀጥሎ የሚወጣው ምን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ካወቀ ዕጣነቱ ቀረ። ያቺን እናት አዘገየሻት፣ ሌላው ሰው በእሷ ቦታ ገባ። እሱስ ስንት ልጅ አለው? አልጠየቅሽውም። ደግሞስ አዲሱ እንደሚሻል በምን አወቅሽ? እሱ እኮ ነው የሚፈተነው።

በ1948 የታተመውን የእንግሊዞቹን የሳንባ ነቀርሳ ጥናት እንደ አብነት ልጥቀስልሽ። ስትሬፕቶማይሲን የሚባለው የነቀርሳ መድኃኒት ያኔ በጣም ጥቂት ነበር፣ ለሁሉም አይዳረስም። የስታቲስቲክስ ሰው የነበረው ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ምደባውን በዘፈቀደ ቁጥሮች አዘጋጅቶ በታሸገ ፖስታ አስቀመጠው። ፖስታው የሚከፈተው ታማሚው ለጥናቱ ይሆናል ተብሎ ከተወሰነ በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት ሐኪሙም አያውቅም። ኤክስሬዩን ያነበቡት ባለሙያዎችም የማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች 4፣ አልጋ ላይ ዕረፍት ብቻ ከታዘዘላቸው 52 ሰዎች 14 ሞቱ። ይህን ውጤት ማንም «መርጣችሁ ነው» ብሎ ሊያጣጥለው አልቻለም። በ1995 ደግሞ 250 ሙከራዎች ሲመረመሩ ዕጣው በቅጡ ያልተሸሸገባቸው የሕክምናውን ጥቅም፣ በኦድስ ሬሾ (የሁለቱን ወገን ዕድል በሚያነጻጽር ስሌት) ሲለካ፣ 41 በመቶ ያህል አጋነው ተገኙ። ከመብራት ጋር የተጋፈጠ ፖስታ ማለት ይህ ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ለዋናው ተመራማሪ ንገሪ፣ በዚህ ሳምንት። የሁለቱን ሰዎች መዝገብ እንዳትነኪ፣ እንዳትሰርዢም። የሆነው ተጽፎ ይቀመጣል፣ ምን እንደሚደረግ እነሱ ይወስናሉ። ፖስታዎቹን በተመለከተ ከተቻለ ጨርሶ ይቅሩ፦ የታማሚው ስም ወደ ማዕከል በስልክ ወይም በኮምፒውተር ይላካል፣ ከተመዘገበና መመለስ ከማይቻልበት በኋላ ምደባው ይመጣል። ፖስታ የግድ ከሆነ ወፍራም፣ ውስጡ ፎይል የገባበት ይሁን፣ ከመከፈቱ በፊትም የታማሚው ስም ላዩ ላይ ይጻፍ። ሌላም አለ፦ ምደባው በየአራት ሰው ሁለት ለሁለት እየሆነ ከሄደና ይህንን ካወቅሽ ሦስቱን አይተሽ አራተኛውን መገመት ቀላል ነው፣ መብራትም አያስፈልግሽም። ስለዚህ የቡድኑ መጠን አንዴ አራት፣ አንዴ ስድስት እየሆነ መለዋወጥ አለበት፣ መዝጋቢውም ስለመጠኑ ባያውቅ ይሻላል።

ብቻሽን እንዳትሆኚ እኔም ልናዘዝ። ሥራ እንደጀመርኩ በአንድ ጥናት ላይ ደም ግፊት እለካ ነበር፣ ማን መድኃኒቱን እንደሚወስድ ደግሞ አውቃለሁ። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲመጣ «ደረጃ ሲወጣ ይሆናል፣ ትንሽ ይረፍና እንደገና ልለካው» እላለሁ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፣ እሱን እጽፋለሁ። የሌላው ወገን ሰው ከፍ ሲልስ? እንዳለ እጽፈዋለሁ፣ የጠበቅኩት ነዋ! አንድም የሐሰት ቁጥር አልጻፍኩም። ጥናቱን ግን አበላሽቻለሁ። የነቃሁት አለቃዬ «ለምንድን ነው የአንዱ ወገን ሰዎች ብቻ ሁለቴ የሚለኩት?» ሲለኝ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ሙከራ ውስጥ ተሳታፊ ነኝ። የሚሰጡኝን ካፕሱል ከፍቼ ቀመስኩት፣ ምንም አይመርም። ባዶውን ነው የሰጡኝ። ልውጣ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ቀማሽ አይደለህም። በ1975 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ ቫይታሚን ሲ ጉንፋን ይከላከላል ወይ የሚል። ተሳታፊዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሠራተኞች ነበሩ፣ ከሳይንስ ጋር የሚውሉ ሰዎች ማለት ነው። 311 ገብተው 190 ጨረሱ። ፕላሴቦው ከወተት የሚገኝ ስኳር ነበር። ቫይታሚን ሲ ይጎመዝዛል፣ ይኼ ለስለስ ይላል፣ እና ሰዎቹ ካፕሱሉን እየከፈቱ ቀመሱታ! መጨረሻ ላይ ቫይታሚኑ የጉንፋኑን ዕድሜ ያሳጠረ መሰለ። ምን እንደሚወስዱ ያላወቁትን ብቻ ለይተው ሲያዩ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የቀመሰ ሰው «ቫይታሚን እየወሰድኩ ነው» ብሎ ተሻለኝ ይላል፣ ባዶውን የያዘው ደግሞ ከፋብኝ ይላል ወይም ጥሎ ይወጣል።

ስለዚህ እንዳትወጣ። ደግሞም ላይሆን ይችላል፣ የማይመር መድኃኒት ሞልቷል። ለአጥኚዎቹ መቅመስህን ንገራቸው፣ አይቆጡህም፣ ቢቆጡም ጥፋቱ የእነሱ ነው። ጣዕሙ፣ ሽታው፣ ክብደቱ፣ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ እኩል መሆኑን ሳያረጋግጡ መጀመር አልነበረባቸውም። ለሌሎች ተሳታፊዎች ግን እንዳታወራ!

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ፊዚዮቴራፒ። ለጀርባ ሕመም አዲስ እንቅስቃሴ በ60 ሰው ላይ ሞክሬያለሁ። በጎዶሎ ቀን (1፣ 3፣ 5 እያለ) የመጡትን ለአዲሱ፣ በሙሉ ቀን (2፣ 4፣ 6 እያለ) የመጡትን ለተለመደው መደብኩ። ከአዲሱ ወገን 11 ሰው አቋረጠ፣ ከተለመደው 3። ያቋረጡትን ላውጣቸው? ሰባት ነገር ለክቻለሁ፣ አንዱ ላይ አሪፍ ልዩነት አለ። እሱን ዋና ውጤት ባደርገው ምን ችግር አለው? እንቅስቃሴ ስለሆነ ከታማሚው መደበቅ አልቻልኩም። (ዮ.)

መልስ፦ ዮ.፣ አንድ ደብዳቤ ውስጥ አራት ጣጣ ይዘህ መጣህ።

ቀኑ ዕጣ አይደለም። ነገ ጎዶሎ ቀን መሆኑን ቀጠሮ የሚሰጠው ሰው ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ። ከላይ ለነርሷ የጻፍኩትን አንብበው። ይህን አሁን መመለስ አትችልም፣ በጽሑፍህ ላይ በግልጽ ማስቀመጥ ግን ትችላለህ። አማካሪህ ደስ ባይለውም።

ያቋረጡትን አታውጣቸው። እዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጎበዝ ሰው ይሳሳታል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። 11ዱ ለምን አቋረጡ? ምናልባት እንቅስቃሴው ጀርባቸውን አባሰባቸው። እነሱን ስታወጣ የሚቀሩህ የተስማማቸው ብቻ ናቸው፣ እና «ከተስማማቸው ሰዎች ሁሉም ተስማማቸው» ብለህ ልትጽፍ ነው። ክሎፋይብሬት የሚባል የኮሌስትሮል መድኃኒት በልብ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። መድኃኒቱን በትጋት ከወሰዱት በአምስት ዓመት 15.0 በመቶ ሞቱ፣ እያቆራረጡ ከወሰዱት 24.6 በመቶ። ወይ ግሩም መድኃኒት! ትላለህ። ቆይ። ባዶውን ክኒን በትጋት ከወሰዱት 15.1 በመቶ፣ ባዶውን እያቆራረጡ ከወሰዱት 28.2 በመቶ ሞቱ። ባዶ ክኒን በትጋት መዋጥ ዕድሜ ያስረዝማል? አያስረዝምም። ክኒን በሥርዓት የሚውጥ ሰው ሌላውም ነገሩ በሥርዓት ነው። ስለዚህ ሰው የሚቆጠረው በተመደበበት ወገን ነው፣ ቢያቋርጥም፣ ጨርሶ ባይጀምርም። የቀሩትን ደውለህ ፈልጋቸው፣ ቢያንስ ዛሬ ጀርባቸው እንዴት እንደሆነ ጠይቃቸው።

ስለ ሰባቱ መለኪያ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ዋናው ውጤት ምን እንደሆነ የሚጻፈው አንድም ሰው ሳይለካ ነው፣ ሕዝብ በሚያየው መዝገብ ላይ። ሰባት ነገር ለክቶ አንዱ በአጋጣሚ ቢያምር ምን ይገርማል? በ1988 የታተመው፣ 17,187 የሃርት አታክ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት አስፕሪን ሞትን እንደሚቀንስ በማያሻማ ሁኔታ አሳየ። አጥኚዎቹ ግን ሰዉን በየትናንሹ ከፋፍላችሁ አሳዩን ሲባሉ በኮከባቸው ከፋፈሏቸው። አስፕሪን ለገውዝና ለሚዛን ኮከብ ሰዎች የማይጠቅም፣ እንዲያውም ትንሽ የሚጎዳ መስሎ ወጣ። ቀልድ መሆኑ የገባው ገባው። ያንተን ሰባቱንም ጻፋቸው፣ ከመጀመርህ በፊት በፕሮፖዛልህ ዋና ያልከው የትኛው እንደነበርም ጻፍ።

ከታማሚው መደበቅ አልተቻለም፣ እሺ። ከለኪው ግን ይቻላል። የለካኸው አንተ ራስህ ከሆንክ ከሳሹም ዳኛውም አንተ ነህ። ካናዳ ውስጥ መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባል የነርቭ በሽታ ላይ በተደረገ አንድ ሙከራ እያንዳንዱን ታማሚ ሁለት የነርቭ ሐኪሞች መረመሩት፣ አንደኛው ማን ምን እንደወሰደ ያውቃል፣ ሌላኛው አያውቅም። የሚያውቁት ሐኪሞች ከሕክምናዎቹ አንዱ ሲሠራ ታያቸው። የማያውቁት ምንም አላዩም። ያው ታማሚ፣ ያው ቀን ነው እንግዲህ። የመጨረሻውን ልኬት ገና ካልጨረስክ ክፍልህ ውስጥ ካለ ጓደኛህ አንዱን ለምነው፣ ታማሚዎቹም የትኛውን እንቅስቃሴ እንደሠሩ እንዳይነግሩት አደራ በላቸው።

ጥያቄ፦ ጥናቱን የከፈለው መድኃኒቱን የሚሸጠው ኩባንያ ከሆነ ጭራሽ ባላነበውስ? (ወ/ሮ አ.)

መልስ፦ ውሻ በበላበት ይጮሃል፣ ያሉት ገብቶኛል። ግን ያንብቡት። የኩባንያ ሙከራዎች ዕጣና ፖስታው ላይ ብዙ ጊዜ ከእኛ ይበልጥ ጠንቃቃ ናቸው። ጨዋታው ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ አዲሱ የተወዳደረው ከማን ጋር ነው፣ ተቀናቃኙ በቂ መጠን ተሰጥቶታል ወይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልታተመው የት ሄደ? በ2008 የታተመ አንድ ምርመራ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዘንድ የተመዘገቡ 74 የድብርት መድኃኒት ጥናቶችን ተከታተለ። ጥሩ ውጤት ካገኙት 38 ውስጥ 37 ታትመዋል። ካላገኙት ወይም ካጠራጠሩት 36 ግን 22 አልታተሙም፣ 11 ጥሩ ውጤት እንዳገኙ ተደርገው ታተሙ፣ እንደነበሩ የታተሙት 3 ብቻ ናቸው። መጽሔቱን ብቻ ያነበበ ሐኪም ምን ያድርግ? ለዚህ ነው ትላልቆቹ የሕክምና መጽሔቶች ከ2005 ጀምሮ ታማሚ ከመግባቱ በፊት በመዝገብ ላይ ያልሰፈረን ሙከራ አናትምም ያሉት። እርስዎም የጥናቱን የመዝገብ ቁጥር ይፈልጉ፣ ቀድሞ የተባለውን ከታተመው ጋር ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ ወንድ ላይ የተሞከረ መድኃኒት እኔን ምን አገባኝ? (ሄ.)

መልስ፦ አጭር ጥያቄ፣ ግን ትክክለኛ ጥያቄ። እስካሁን ያወራነው በሁለቱ ወገኖች መካከል ስላለ አድልዎ ነው። ያንቺ ደግሞ መጀመሪያውኑ በሩን ማን አለፈ የሚለው ነው። በ1977 የወጣ የአሜሪካ መመሪያ መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመድኃኒት ሙከራ የመጀመሪያ ምዕራፎች እንዳይገቡ አድርጎ ነበር። ታሊዶማይድ የሚባለው መድኃኒት በጽንስ ላይ ያደረሰውን አይተው ጽንስ እንዳይጎዳ ብለው ነው፣ ይኸውልሽ እንደገና ደግነት። የተነሳው በ1993 ነው። ዞልፒደም የሚባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ከሴቶች ሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ጠዋት መኪና ሲነዱ ገና ደማቸው ውስጥ አለ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ለሴቶች የሚመከረው መጠን ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 ይውረድ ያሉት በ2013 ነው፣ መድኃኒቱ ከተፈቀደ ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ።